ወቀሳና ተጠያቂነት፤ ከኮቃ ሐይቅ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ

በአዳማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በሁለት ቃላት መካከል ያለው ርቀት ነው። አንደኛው ቃል ወቀሳ ነው፤ ሁለተኛው ተጠያቂነት ነው። በዕለት ንግግራችን ሁለቱን እያቀላቀልን እንጠቀምባቸዋለን። አንድ ጥፋት ሲደርስ «ጥፋተኛው ማን ነው?» እንላለን፤ ይህ የወቀሳ ጥያቄ ነው። የተጠያቂነት ጥያቄ ግን ከዚያ ይረዝማል። «ጉዳቱን የሚያቆመው፣ ያበላሸውን የሚያጸዳው፣ የተጎዳውን የሚክሰው ማን ነው? በየትኛው ሕግ? እስከ መቼ?» ይላል። ወቀሳ በአንድ ቀን ስብሰባ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል። ተጠያቂነት ግን መለኪያ፣ መዝገብ፣ ቀነ ገደብና ገንዘብ ይጠይቃል።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አጭር ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን በውኃ ላይ ስለሚደርሰው ብክለት ወቀሳ አጥተን አናውቅም። ያጣነው ተጠያቂነትን ነው። ምክንያቱም ብዙዎች እንደሚያስቡት የሕግ አለመኖር አይደለም። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ከእኛ እጅግ ሩቅ ወደሆነ ባሕር እወስዳችኋለሁ፤ ከዚያም ወደ ጓሯችን እንመለሳለን።

የባሕረ ሰላጤው አደጋ

ሚያዝያ 12 ቀን 2002 ዓ.ም. በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ፈነዳ። 11 ሠራተኞች ሞቱ። ከባሕሩ ወለል የሚገነፍለው ነዳጅ የቆመው ከ87 ቀናት በኋላ ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በኋላ እንደወሰነው ወደ ባሕሩ የፈሰሰው መጠን ከ3 ሚሊዮን በርሜል በላይ ነበር።

አደጋው ከደረሰ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የሦስት ኩባንያዎች ኃላፊዎች በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀረቡ። የጉድጓዱ ባለ መብት ቢፒ «መድረኩ የትራንስኦሽን ነው» አለ። ትራንስኦሽን «ሥራውን የሚያዝዘው ቢፒ ነው፤ የጉድጓዱንም ሲሚንቶ የሠራው ሃሊበርተን ነው» አለ። ሃሊበርተን በበኩሉ «እኛ የሠራነው በቢፒ ትእዛዝ ነው» አለ። በፖለቲካውም ሜዳ ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ አንዱ ወገን ኩባንያውን፣ ሌላው የኦባማን መንግሥት፣ ሦስተኛው ከዚያ በፊት የነበረውን አስተዳደር ወቀሰ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ከወቀሳው አልዳነም። ይህ መሥሪያ ቤት በአንድ እጁ ከነዳጅ ኩባንያዎች ገቢ ይሰበስብ ነበር፤ በሌላ እጁ እነዚያኑ ኩባንያዎች ይቆጣጠር ነበር። አደጋው በደረሰ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ እንዲከፋፈልና ሁለቱ ሥራዎች እንዲለያዩ ተወሰነ።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ወቀሳ ነው፤ ከእኛ አገር ወቀሳም ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሶን ቫልዲዝ የተባለው መርከብ በአላስካ ካደረሰው ጥፋት በኋላ፣ በ1990 አንድ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ነዳጅ ከመፍሰሱ በፊት ኃላፊውን ወገን አስቀድሞ ይሰይማል። የጉድጓዱ ፈቃድ በስሙ የሆነ ሁሉ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመታወቁ በፊት፣ ለማጽዳትና ለመካስ ግዴታ አለበት። ከሌሎቹ ጋር የሚያደርገውን ክርክር በኋላ፣ በራሱ ጊዜና በራሱ ወጪ ያካሂዳል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ የሦስቱ ኩባንያዎች ጠብ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አልተገደደም።

ክርክሩ ከአራት ዓመታት በኋላ ፍርድ አገኘ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ዳኛው የቢፒን አድራጎት ከባድ ቸልተኝነት ነው ብለው፣ የጥፋቱን ድርሻ 67 በመቶ ለቢፒ፣ 30 በመቶ ለትራንስኦሽን፣ 3 በመቶ ለሃሊበርተን አከፋፈሉ። «ከባድ» የሚለው አንድ ቃል ለአንድ በርሜል ሊጣል የሚችለውን ቅጣት ከ1,100 ዶላር ወደ 4,300 ዶላር የሚያሳድግ ነበር። በመጨረሻ ቢፒ ከፌዴራሉና ከባሕር ዳር ክልሎቹ መንግሥታት ጋር በ20.8 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። ይህ ሁሉ ባሕሩን ወደ ነበረበት መልሶታል አልልም፤ የሞቱትም አልተነሡም። ነገር ግን ወቀሳው ወደ ቁጥር ተለወጠ፤ ቁጥሩም ወደ ዕዳ ተለወጠ። ተጠያቂነት የምለው ይህንን ነው።

ወደ ኮቃ የሚወርደው ሁሉ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ባሕር የለንም፤ በባሕር ላይም የነዳጅ ጉድጓድ የለንም። ነገር ግን ሁሉም የሚፈስበት፣ ማንም የእኔ ነው የማይለው ውኃ አለን። ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ ያለውን የኮቃ ሐይቅ ማለቴ ነው።

ኮቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦርነት ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫነት አገልግሎት መስጠት ጀመረ። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ሲወርድ የአዲስ አበባን ፍሳሽ የተሸከመው አቃቂ ይቀላቀለዋል። በሞጆ ከተማ በኩል የሚያልፈው የሞጆ ወንዝም ወደዚሁ ሐይቅ ይገባል። በመካከሉ የቢሾፍቱ፣ የዱከምና የሞጆ ፋብሪካዎች፣ የአበባ እርሻዎች፣ ማዳበሪያ የተረጨባቸው ማሳዎች፣ መጸዳጃ ቤቶቻቸው በዝናብ የሚታጠቡ መንደሮች አሉ። ከግድቡ በታች ደግሞ እኛ አለን። አዳማ የምትጠጣው ከዚሁ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣውን ውኃ ነው። ከእኛ በታች ወንጂ፣ መተሐራ፣ ከዚያም አፋር አለ። ወንዙም እዚያው በረሃ ውስጥ ይቀራል እንጂ ያሸከምነውን ቆሻሻ ወደ ባሕር አያደርስልንም።

ሞጆ ስትነሣ ቆዳ ፋብሪካ ይነሣል። የቆዳ ማለስለስ ሥራ ምን እንደሚያስወጣ ባጭሩ ልግለጽ። ጥሬው ቆዳ በጨው ታሽቶ ይመጣል፤ ጨው ይታጠባል። ጸጉሩ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይለቃል፤ ያ የተበላሸ እንቁላል ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ በክሮሚየም ጨው ይለፋል። ቆዳው ክሮሚየሙን በሙሉ አይጠጣውም፤ የተረፈው ከውኃው ጋር ይወጣል። ለአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ በአሥር የሚቆጠሩ ሜትር ኩብ ውኃ ስለሚያስፈልግ፣ ፍሳሹ በማጣሪያ ካላለፈ ወንዙ የፋብሪካው ቱቦ ይሆናል።

ሐይቁን አረንጓዴ የሚያደርገው ግን ክሮሚየም አይደለም። ይህን መለየት ለፍትሕም ያስፈልጋል። አረንጓዴው ነገር ሳይኖባክቴሪያ የሚባል ጥቃቅን ፍጡር ነው፤ በኮቃ የታወቀው ዝርያ ማይክሮሲስቲስ ይባላል። የሚመገበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ነው፤ እነዚህም ከሰው ቆሻሻ፣ ከማዳበሪያና ከፋብሪካ ፍሳሽ ይመጣሉ። ማይክሮሲስቲስ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ መርዝ በመጠጥ ውኃ ውስጥ በአንድ ሊትር ከአንድ ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። መርዙ በማፍላት አይጠፋም። «አፍልተን እንጠጣዋለን» የሚሉ እናቶችን ልፋት ከንቱ የሚያደርገው ይህ ነው።

በ2001 ዓ.ም. አልጀዚራ ስለዚህ ሐይቅ ዘጋቢ ፊልም ባሠራጨ ጊዜ የኮቃ ስም ከአገር ወጣ። ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመራማሪዎች ብዙ ጽሑፍ አውጥተዋል። መረጃ የለም ማለት አይቻልም።

የዞረ ወቀሳ

ታዲያ ማን ተወቀሰ? ሁሉም። ፋብሪካዎቹ «ከላይ የሚመጣው የአዲስ አበባ ቆሻሻ ነው» ይላሉ፤ ከፊል እውነት ነው። የከተማ አስተዳደሮች «ፈቃድ የሰጠው የኢንቨስትመንት ቢሮ ነው» ይላሉ፤ ከፊል እውነት ነው። ክልሉ ወደ ፌዴራል፣ ፌዴራሉ ወደ ክልል ያመለክታል። ተቆጣጣሪው «ብዘጋው ሠራተኛው ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ የውጭ ምንዛሪም ይቀራል» ይላል። ይህም ተራ ማመካኛ አይደለም፤ በሞጆ ስንት ቤተሰብ ከቆዳ እንጀራ እንደሚበላ ሁላችንም እናውቃለን።

ፖለቲከኞችም የየራሳቸውን ወቀሳ ያመጣሉ። አንዱ ጥፋቱን ሁሉ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ ግል በተዛወሩት ፋብሪካዎች ላይ ይጥላል፤ ሆኖም በደርግ ዘመን ፋብሪካዎቹ የመንግሥት በነበሩ ጊዜም ወንዙ ቱቦ ነበር። ሌላው ጥፋቱን በውጭ ባለሀብት ላይ ይጥላል፤ የውጭ ባለሀብት ግን ያለ አገር ውስጥ ፈቃድ አንድ ቱቦ መቅበር አይችልም።

በሐይቁ ዳር ከሚኖሩ ሰዎች ጋር በተነጋገርኩ ቁጥር የሚመለስብኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማንን እንክሰስ?» ይላሉ። ከላይ የዘረዘርኳቸው ከፊል እውነቶች ሁሉ ተደምረው ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጡም። እያንዳንዱ ወቀሳ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ወቀሳው በክብ ሲዞር ግን መጨረሻው ማንም አለመጠየቁ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

«ሕግ የለንም» ለሚለው ሰው የሚከተለውን ላስታውስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ያበላሸ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ተቆጣጣሪው አካል አደጋ ሲያይ ፋብሪካ እስከ መዝጋትና ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር የሚደርስ እርምጃ መውሰድ ይችላል። የአካባቢ ተቆጣጣሪዎች ሳያስታውቁና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዙ በማንኛውም አመቺ ጊዜ ግቢ ገብተው ናሙና መውሰድ ይችላሉ።

በተለይ የዚህን አዋጅ አንቀጽ 11 እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ማንኛውም ሰው፣ በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚበክል ላይ ለባለሥልጣኑ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በሌላው ሕጋችን ለመክሰስ በነገሩ ላይ የራስ ጥቅም ሊኖር ይገባል። እዚህ ግን ወንዙ ራሱ ጠበቃ እንዲያገኝ በሩ ተከፍቷል።

ከዚህም ሌላ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 መርዛማ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ ወይም እጅግ አደገኛ በሆነ የኢንዱስትሪ ሥራ ሌላውን ለጉዳት ያጋለጠ ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 519 አካባቢን መበከልን በወንጀል ይቀጣል፤ በአንቀጽ 34 ደግሞ የሕግ ሰውነት የተሰጠው ድርጅት በወንጀል እንዴት እንደሚጠየቅ ይወስናል። ልብ በሉ፤ ይኸው አንቀጽ 34 የመንግሥት አስተዳደር አካላትን ከወንጀል ተጠያቂነት ውጭ ያደርጋል። ኩባንያ ሊቀጣ ይችላል፤ ኩባንያውን ሳይቆጣጠር የቀረው መሥሪያ ቤት ግን እንደ መሥሪያ ቤት አይቀጣም።

በሩ ለምን አይከፈትም?

ሕጉ ይህን ያህል ካለ፣ ውኃው ለምን አረንጓዴ ሆነ? አራት ምክንያቶችን እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው ጊዜ መግዛት ነው። ፋብሪካዎች የሚለኩበትን ሥርዓት የሚያስፈጽመው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 የወጣው ከአዋጁ ስድስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ደንቡም ለነባር ፋብሪካዎች የአምስት ዓመት የማስተካከያ ጊዜ ሰጠ። የሽግግር ጊዜ መስጠት በራሱ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን በየዓመቱ ምን ያህል እንደተሻሻለ ካልተለካና ለሕዝብ ካልተነገረ፣ የማስተካከያው ጊዜ የመበከያ ፈቃድ ይሆናል።

ሁለተኛው የተቆጣጣሪው አለመጽናት ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2008 ስሙ ተራዘመ፤ በ2011 ወደ ኮሚሽን ወረደ፤ በ2014 ተመልሶ ባለሥልጣን ሆነ። በእያንዳንዱ ለውጥ መዝገብ ይዛወራል፤ ሠራተኛ ይበተናል፤ የተጀመረ ክትትል ይቋረጣል። ከዚህ በላይ፣ በአንድ ወቅት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን የማጽደቅ ሥልጣን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ተሰጥቶ ነበር። ኢንዱስትሪን እንዲያስፋፋ የተቋቋመ መሥሪያ ቤት የኢንዱስትሪን ጉዳት ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤው ተቆጣጣሪ ጋር አነጻጽሩት፤ በሽታው አንድ ነው።

ሦስተኛው የፍርድ ቤት በር ነው። አፓፕ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የመብት ድርጅት፣ ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ክሱ ሊቀርብ የሚገባው በበካዩ ላይ እንጂ በባለሥልጣኑ ላይ አይደለም ብሎ አልተቀበለውም። ውጤቱን አስቡት። በካዮቹ በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው፤ የእያንዳንዱን ድርሻ የሚያውቀው፣ ግቢ ገብቶ ናሙና የመውሰድ ሥልጣን ያለው ባለሥልጣኑ ብቻ ነው። እሱን መክሰስ ካልተቻለ፣ ማስረጃው በሕዝብ እጅ የሚገባበት መንገድ ይጠባል።

አራተኛው ይርጋ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ካሣ ጠያቂ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። አድራጎቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከወሰነ ግን ያ ረዥሙ ጊዜ ይሠራል። በሬ ሲወጋችሁ ቀኑ ይታወቃል። ጉበት ወይም አጥንት በዝግታ ሲጎዳ ግን ቀኑ መቼ ነው?

የወንጂ ትምህርት

ይህ ጥያቄ ለእኛ አካባቢ አዲስ አይደለም። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። ሠራተኛው ከየአገሩ መጣ፤ መንደር ተሠራለት፤ ጉድጓድ ተቆፈረለት። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በወንጂ ጉድጓዶች የተገኘው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። የልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ። ለረዥም ዓመታት ያገለገሉ ሠራተኞች አከርካሪያቸው ደረቀ፤ ጎበጡ፤ አንዳንዶቹም ሽባ ሆኑ። ወንጂ በዓለም የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የገባችው በስኳሯ ሳይሆን በዚህ በሽታ ነው።

ፍሎራይዱን ኩባንያው አልጨመረውም፤ ተፈጥሮ ነው ያስቀመጠችው። ስለዚህ «ማን አጠፋ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ይድበሰበሳል። «ሠራተኛውን ከዚህ ጉድጓድ ያጠጣው ማን ነው? አማራጭ ውኃ የማቅረብ ግዴታስ የማን ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልሱ ግልጽ ነው፤ ቀጣሪው ነው። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካው ተወርሶ የመንግሥት ሲሆን ይኸው ግዴታ ከንብረቱ ጋር ለመንግሥት ተላለፈ። ማጣሪያዎች ተተክለዋል፤ ጥረት አልነበረም አልልም። ነገር ግን በሽታው አሥርና ሃያ ዓመት ቆይቶ የሚወጣ ስለሆነ፣ የሁለት ዓመት ይርጋ ለጡረተኛው ምንም አልፈየደለትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ቁጣ በሕግ ፋንታ ሲገባ

ተጠያቂነት በር ሲያጣ ወቀሳ ወደ አደባባይ ይወጣል። ከስምጥ ሸለቆው ወጣ ብለን ወደ ጉጂ እንሂድ። የሻኪሶ አካባቢ ነዋሪዎች ከለገደንቢ የወርቅ ማዕድን የሚወጣ ኬሚካል በሕፃናትና በከብቶች ላይ ጉዳት አድርሷል እያሉ ለዓመታት ያመለክቱ ነበር። የሚድሮክ ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ለተጨማሪ አሥር ዓመት ሲታደስ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። በግንቦት 2010 የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ጥናት ይካሄድ ተባለ። በ2013 ዓ.ም. ማምረቱ እንደገና ጀመረ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፣ በማመልከቻ ያልተገኘው በሰልፍ ተገኘ። ሁለተኛ፣ በሰልፍ የተገኘው እገዳ እንጂ ፍርድ አልነበረም። ለተጎዳው ድርሻውን የሚያስቀምጥ፣ ለኩባንያውም ካላጠፋ ነጻ የሚያወጣ፣ በማስረጃ የተመዘነ የፍርድ ቤት ውሳኔ አልተከተለውም። በፖለቲካ ማዕበል የተዘጋ በር በፖለቲካ ማዕበል ይከፈታል። ይህ ለነዋሪውም፣ ለሠራተኛውም፣ ለባለሀብቱም አይበጅም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በኦሮሚያ ብዙ ቦታዎች ፋብሪካዎችና እርሻዎች ሲቃጠሉ አይተናል። ምክንያቱ ብዙና የተወሳሰበ ነበር፤ በብክለት ብቻ አይገለጽም። ሆኖም እሳት በካዩን ካልበከለው እንደማይለይ ያኔ ተምረናል።

አፈርሳታና አንቀጽ 2142

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። አንድ ጉድጓድ ፈንድቶ ከሆነ ባለቤቱ ይታወቃል። በኮቃ ግን ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ያፈስሳሉ። የማን ፎስፈረስ የትኛውን አልጌ እንደመገበ በምን ይታወቃል? ብዙ የሕግ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ።

አባቶቻችን ግን ለዚህ ዓይነቱ ችግር ዘዴ ነበራቸው። ሌባው ወይም ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሕዝብ በአፈርሳታ ይሰበሰባል፤ አውጫጭኝ ይባላል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ሁሉም ሥራውን ትቶ ይቀመጣል። ካልወጣ ዕዳው በሁሉም ላይ ይወድቃል። በኦሮሞ ባህልም ጉማ ሲከፈል የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ወገኑ አብሮ ያዋጣል። ሁለቱ ሥርዓቶች የየራሳቸው ጉድለት ነበረባቸው፤ በተለይ አፈርሳታ ንጹሑን ያንገላታ ነበር። ነገር ግን አንድ ብልሃት ነበራቸው። የማወቅን ሸክም ከተጎዳው ትከሻ አውርደው፣ ማወቅ በሚችሉት ላይ ጫኑት። ዕዳው በሁሉም ላይ እንደሚወድቅ ያወቀ ሰው የጎረቤቱን ጥፋት አይሸፍንም።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ አለ። አንቀጽ 2142 ጉዳቱን ያደረሰው ከተወሰኑ ሰዎች መካከል መሆኑ ተረጋግጦ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ካልተቻለ፣ ርትዕ ሲያስገድድ ፍርድ ቤቱ ሁሉም በአንድነት እንዲክሱ ማዘዝ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ 2155 ደግሞ ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ብዙዎች በአንድነትና በነጠላ እንደሚጠየቁ ይናገራል። ይህም ማለት ተጎጂው ከአንዱ ሙሉውን መጠየቅ ይችላል፤ ያ አንዱ ከሌሎቹ ድርሻቸውን ያስመልሳል። «ማንን እንክሰስ?» ላሉኝ ሰዎች መልሴ ይህ ነው፤ በአንድ ወንዝ ላይ የሚያፈስሱትን ሁሉ በአንድ መዝገብ ክሰሱ፤ ድርሻቸውን እነሱ ይከፋፈሉ።

ምን ይደረግ?

ሦስት ነገሮችን አቅርቤ ልጨርስ።

አንደኛ፣ መለኪያ። ከእያንዳንዱ ትልቅ ፋብሪካ በላይና በታች ያለው የወንዝ ውኃ በየወሩ ተለክቶ ቁጥሩ ለሕዝብ ይለጠፍ። ከላይ ንጹሕ ገብቶ ከታች ቆሽሾ ከወጣ፣ ክርክሩ ግማሽ አለቀ። ከላይም ቆሽሾ ከመጣ፣ ፋብሪካው ያለ አግባብ ከመወቀስ ይድናል። ይህ ሥራ ለእንደኛ ዓይነቱ ፋኩልቲ ከአቅም በላይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ቅድሚያ ዋስትና። አደገኛ ፍሳሽ የሚያወጣ ድርጅት ፈቃድ ሲያድስ ለማጽጃና ለካሣ የሚሆን ገንዘብ ያስይዝ ወይም መድን ይግባ። ባለ መኪና ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ እንዲወጣ አንፈቅድም። አንድ ወንዝ ሙሉ ሕዝብ የሚያጠጣ ሆኖ ሳለ ለወንዙ ያነሰ ጥንቃቄ ልናደርግ አይገባም። ማጣሪያውን ከፋብሪካው በፊት መሥራትም ይቻላል፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራ ነው። ለሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎችም የጋራ ማጣሪያ ያለው የቆዳ ከተማ ከታቀደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕቅዱ ወንዙን ካልቀደመው ዕቅድነቱ ለወረቀቱ ነው።

ሦስተኛ፣ አንቀጽ 11ን መጠቀም። ሕግ ካልተጠየቀ ይተኛል። እዚህ የተቀመጣችሁ የሕግ ተማሪዎች ማመልከቻ መጻፍ ታውቃላችሁ፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎች ናሙና መውሰድ ታውቃላችሁ። ቀን የተጻፈበት፣ ናሙና የተያያዘበት፣ በመዝገብ ቤት ማኅተም የተመታበት አንድ ማመልከቻ 30 ቀኑን መቁጠር ይጀምራል። መሥሪያ ቤቱ ቢመልስም ባይመልስም፣ ከዚያ ቀን በኋላ «አላወቅንም» የሚል መልስ አይኖርም።

ወቀሳን አልንቅም፤ ሰው ሲጎዳ መቆጣቱ የጤና ምልክት ነው። ነገር ግን ወቀሳ መዝገብ ካልሆነ፣ የሚቀጥለው ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ከቆሻሻው ጋር አብሮ ያወርደዋል። እኛ ከግድቡ በታች ነን። ከላይ ያለው ሁሉ የሚደርሰን በቧንቧ ነውና፣ መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባንም እኛ ነን።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።